ብዕር ሲነጥፍ

ልጆች ተኝተዋል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። የእናትዎን የሕይወት ታሪክ ጽፈው ለልጆችዎ ለማቆየት ከወሰኑ ወራት አልፈዋል። ከፊትዎ ያለው ገጽ ግን ዛሬም ባዶ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፣ መልሰው ያነቡታል፣ ይሰርዙታል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ «እኔ ለጽሑፍ አልተፈጠርኩም» ብለው ኮምፒውተሩን ይዘጋሉ።

ራስዎን ሰነፍ ብለው አይውቀሱ። ለዓመታት የጻፉ ደራስያንም ብዕራቸው የሚነጥፍበት ጊዜ አለ። ከኦስትሪያ ወደ አሜሪካ የተሰደደው የሥነ ልቦና ሐኪም ኤድመንድ በርግለር ለዚህ ችግር ስም ሰጥቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው።

ለምን ይነጥፋል?

አንዱ ምክንያት መጻፍንና ማረምን በአንድ ጊዜ መሞከር ነው። ሐሳቡ ገና ሳይወለድ ውስጣችን ያለው አራሚ ቀይ እስክሪብቶውን ያነሣል። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው፤ «ዘመድ ሲያነበው ምን ይላል?» የሚለው ፍርሃት። ሦስተኛው የሥራው ግዝፈት ነው፤ የ70 ዓመት ሕይወት በአንድ ምሽት አይጻፍም። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐዘንም ብዕር ያደርቃሉ። መጻፍ ብቻ ሳይሆን መብላት፣ መተኛትና ከሰው መገናኘት ጭምር ካስጠላዎት ግን ጉዳዩ የብዕር ብቻ ላይሆን ስለሚችል የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያማክሩ።

የቅኔ ቤቱ መንገድ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያልፋሉ። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለው የጎጃም ገጠር የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የቅኔ ስልት መጠሪያ እስከመሆን የደረሰ የጎጃም የቅኔ ቤቶች ናቸው። በቅኔ ቤት ተማሪው አዲስ ነገር ይዞ መቅረብ አለበት፤ የትናንቱን መድገም ወይም የጓደኛን መውሰድ ነውር ነው። ታዲያ ሐሳቡ እንዳይነጥፍበት ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ በትንሹ ይጀምራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ ይመጣል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚደረስበት ቆይቶ ነው። እርስዎም «የእናቴ ታሪክ» ከሚለው ተራራ ወርደው «እናቴ እንጀራ ስትጋግር» ከሚለው ይጀምሩ።

ሁለተኛ፣ ለቆጠራ ይወጣል። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ሆኖ ቅኔውን በቃሉ ያሰላስላል። ለእርስዎ ይህ ስልክዎን ቤት ትተው የሚያደርጉት የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የተሳሳተውን የሚያቀኑት እሳቸው ናቸው። መፍጠርና ማረም እዚህ ላይ ተለያዩ ማለት ነው። እርስዎም ዛሬ የጻፉትን ዛሬ አያርሙ፤ ለነገ ያቆዩት ወይም ለሚያምኑት አንድ ሰው ያንብቡለት።

አራተኛ፣ ነገም ይመለሳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቦይስ ስሜት እስኪመጣ የሚጠብቁ ጸሐፊዎችን ቀጠሮ ይዘው ከሚጽፉት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ብዙ ገጽ የጻፉት፣ ብዙ አዲስ ሐሳብም ያገኙት ባለቀጠሮዎቹ ናቸው።

ዘግይቷል አይበሉ

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ጎጃም ውስጥ ተወልደው በዚያው በቤተ ክህነት ትምህርት አደጉ። በኋላ የጣሊያን ወረራ፣ በጣሊያን አገር እስርና የዲፕሎማሲ ሥራ ተከታተሉባቸው። የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958፣ ዕድሜያቸው ከ50 ካለፈ በኋላ ነው። ቀጣዩ ልብ ወለዳቸው «ወንጀለኛው ዳኛ» እስኪወጣ ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ አልፏል።

ልጅዎም ይህን ይፈልጋል

«ስለ ክረምት ጻፍ» ተብሎ እርሳሱን የሚያኝክ ልጅ ካለዎት የፊደል ግድፈቱን ለመጨረሻ ያቆዩለት። መጀመሪያ «ዝናቡ ሲመጣ የት ነበርክ?» ብለው ይጠይቁት። ሲመልስልዎት «በል እሱኑ ጻፈው» ይበሉት። በአፍ የመጣ ነገር ወደ ወረቀት መውረዱ አይቀርም።

ለእርስዎም መላው ይኸው ነው። እናትዎ ዛሬ አሉ፤ ትዝታቸውም አብሯቸው አለ። ያማረ ዓረፍተ ነገር እስኪመጣ ሲጠብቁ ግን ሁለቱም ሊያመልጡዎት ይችላሉ። እሑድ ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ቁጭ ይበሉና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋቸው፤ ለምሳሌ ያደጉበት ቤት በር ወደየት ይከፈት እንደነበር። ማታ የነገሩዎትን በራሳቸው አነጋገር ሁለት መስመር ይጻፉ። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ሙሉ ቅኔ ነው።