ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከፕሬዚዳንቱ በፊት አጥቂው

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ የድሮ ዜማ የሚወድ ሁሉ ያውቃቸዋል። ጅማ ያኔ የአባ ጅፋር አገር ነበረች፤ በኋላ ግን ለብዙ ዘመን የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሆናለች። ስለዚህ የከፋዋ ቦንጋ ሰው ይድነቃቸውን ጎረቤቴ ቢል አላጋነነም።

ቦንጋ ውስጥ የእንግሊዝ ጨዋታ ለማየት ከሚሰበሰቡ ወጣቶች ጋር ስቀመጥ ስማቸውን አነሣለሁ። የሚያውቃቸው ቢገኝ «የካፍ ፕሬዚዳንት የነበሩት?» ይለኛል። አዎ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ መርተዋል። ሰውየውን ከወንበሩ የሚጀምር ግን ግማሹን ታሪክ ይስታል።

ይድነቃቸው መጀመሪያ አጥቂ ነበሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ገና ልጅ ነበሩ፤ ማሊያውን እስከ 1950 ዓ.ም. አላወለቁም። በ365 ጨዋታ 318 ግብ ማስቆጠራቸው በታሪካቸው ተመዝግቧል፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። የባሕር ማዶ አጥቂዎችን ግብ በቃሉ የሚቆጥር ልጅ ይህን አለማወቁ ያሳዝነኛል። ጥፋቱ ግን ካላስተማርነው ከእኛ ከታላላቆቹ ነው።

ከግቡ ቁጥር ይልቅ የሚበልጥብኝ ግን የተጫወቱበት ዘመን ነው። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ኳሱንም በዘር ለየው፤ ሐበሻ ከሐበሻ፣ ጣሊያን ከጣሊያን። ይድነቃቸው ጉርምስናቸውን የጀመሩት በዚህ ሜዳ ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራትና ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ ጋር በአንድ ሊግ ገጠመ። ተጫዋቹ ይድነቃቸው አጥሩ ሲቆምም ሲፈርስም በዐይናቸው አይተዋል።

በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ካፍ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ከፊፋ ተባረረች። ብዙዎች ይድነቃቸው በዚህ ጉዳይ ያደረጉትን ሙግት የቢሮ ፖለቲካ ያደርጉታል። እኔ ግን በተከፋፈለ ሜዳ ያደገ አጥቂ ሙግት አድርጌ አየዋለሁ። ለ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ ቦታ ተከልክላ ከማጣሪያው ስትወጣም ከተሟጋቾቹ ግንባር ነበሩ፤ በ1962 ዓ.ም. ዋንጫ አንድ ቦታ ተገኘ፣ ሞሮኮም ሄደችበት።

አሠልጣኝነታቸውን በአጭሩ ልለፈው፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድን የእርሳቸው ነው። ኢትዮጵያ ያንን ዋንጫ ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ አነሣች።

ስለ ይድነቃቸው የምታስተምሩ የስፖርት መምህራን ሆይ፣ ትምህርቱን ከ1964 አትጀምሩት፤ ከ1928 ጀምሩት። ፕሬዚዳንቱ ለምን እንደዚያ እንደተሟገቱ ልጆቹ የሚረዱት ያኔ ነው።