አጭሩ የአየር ጠመንጃ፦ ለመኖ መጋዘን እንጂ ለድንበር መንገድ አይሆንም

ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ከአይሱዙ ወንበር ጀርባ ይገባል፤ በጋቢ ተጠቅልሎ ከትከሻ ይንጠለጠላል። ሲተኮስም ድምፁ በረት ያደረውን ከብት እንደ ባሩድ ጠመንጃ አያስበረግግም፤ የሚገፋው የታመቀ አየር ነውና። በቅርብ ዓመታት የተለመደው ይህ አጭር የአየር ጠመንጃ የከብት ነጋዴን ዓይን የሚስበው በዚህ ነው። እጁ እንደገባም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጅብ ይጥላል ወይ?»

አይጥልም። ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ከብት ጭኖ ድንበር ለሚሻገር ሰውስ ምን ያስከትልበታል? ይህን ከግዢው በፊት ማወቅ ከዋጋው በላይ ያተርፋል።

ዕቃው እጅ ላይ ሲገባ

ብዙ ሰው የሚያውቀው የድሮው የአየር ጠመንጃ ከወገቡ የሚሰበር ነው። በርሜሉን ሰብሮ አንድ ጥይት ያጎርሱታል፤ ውስጡ ያለው ሞላ ሲፈታ ጥይቱን ይገፋዋል። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ሞላው ሲፈታም መሣሪያው በእጅ ላይ ይዘላል።

አዲሱ አሠራር ሌላ ነው። አየሩ አስቀድሞ በትንሽ ሲሊንደር ይታመቃል፤ ቃታው ሲሳብ ከዚያ ላይ ጥቂት ጥቂት ይለቀቃል። መሣሪያውን ያሳጠረው በርሜሉን መቁረጥ አይደለም። ጥይት የሚጎርሰው ክፍል ከቃታው ኋላ፣ ሰደፉ ውስጥ ስለገባ ነው። የቱርኮቹ ሃትሳንና ክራል፣ የስዊድኑ ኤፍኤክስ እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ከሚሠሩት መካከል ናቸው። ብዙዎቹ ካዝናቸው 10 ገደማ ጥይት ይይዛል፤ አንዴ የተሞላ አየርም ለብዙ ተኩስ ይበቃል።

የመጀመሪያው ስሜት ጥሩ ነው። ክብደቱ ወደ ትከሻ ስለሚያደላ ክንድ አያደክምም። ሲተኮስም ወደ ኋላ የሚመታ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ስሜት ግን ጉድለቱን ያሳያል። ቃታው ከመምቻው ስለሚርቅ በረጅም ዘንግ ነው የሚያያዘው፤ ስለዚህ በርካሾቹ ላይ አሳሳቡ ይከብዳል። አነጣጣሪው መነጽርም ከበርሜሉ በጣም ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በ30 ሜትር የተስተካከለ መሣሪያ በ5 ሜትር ላይ ካነጣጠሩበት ዝቅ ብሎ ይመታል። መጋዘን ውስጥ አይጥ የሚጠብቅ ሰው ይህን ካላወቀ የሚበሳው የፋጉሎ ጆንያውን ነው።

ጉልበቱ በቁጥር

አንድ ግራም የሚመዝን የ5.5 ሚሊ ሜትር ጥይት በሰከንድ 180 ሜትር ሲወጣ የሚይዘው ጉልበት 16 ጁል ገደማ ነው። በእንግሊዝ አገር ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ጣሪያም ይኸው ነው። ጠንከር ያሉት 40 እና 50 ጁል ይደርሳሉ። የክላሽ ጥይት ግን 2,000 ጁል ያህል አለው፤ ከ16ቱ ጋር ሲነጻጸር ከ120 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

አሁን ጅቡን እናስብ። ያደገ ጅብ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል፤ ቆዳው ወፍራም፣ አጥንቱ ጠንካራ ነው፤ የሚመጣውም በጨለማ ነው። ትንሿ ጥይት ብታገኘው ታቆስለዋለች እንጂ አትጥለውም። የቆሰለ አውሬ ደግሞ ለእረኛውም ለመንጋውም ከጤነኛው የባሰ አደጋ ነው።

ለአውሬ የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውል ይሻላል፦ ጠንካራ የእሾህ አጥር፣ ንቁ ውሻ፣ ሌሊቱን የማይተኛ ዘበኛ፣ መብራት። በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ዳር ያደገው የማሳይ ልጅ ሪቻርድ ቱሬሬ ከአሮጌ ባትሪና ከአምፖል ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሠርቶ አንበሶችን ከአባቱ በረት አርቋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራውን በዓለም መድረክ ሲያቀርብ ገና ታዳጊ ነበር።

ቦታው የመኖ መጋዘን ነው

መሣሪያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከብት አከማችቶ የሚያደልብ፣ ወይም በሚሌና በቶጎጫሌ መስመር ተራ ለሚጠብቅ መንጋ መኖ የሚያስቀምጥ ሰው ጠላቶቹን ያውቃቸዋል፦ አይጥና እርግብ። አይጥ ከበላችው የበለጠ የምታበላሸው ይበዛል። ሽንቷ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን፣ ከብት የሚያስጨነግፍና ሰውንም የሚይዝ በሽታ ያስተላልፋል። የወፍ ኩስም ሳልሞኔላ ወደ መኖና ወደ ውኃ ገንዳ ያስገባል።

የአይጥ መርዝ እንዳይረጭ ውሻውና ድመቱ ይበሉታል፤ ፍሩሽካው ውስጥ ከገባም ከብቱን ይጎዳል። እዚህ ላይ በ15 እና በ20 ሜትር ርቀት አንድ አይጥ ለይቶ የሚመታ፣ ከብት የማያስደነግጥ መሣሪያ ጥቅም አለው። ሆኖም ይህ የሚሠራው ዋናው ሥራ ከተሠራ በኋላ ነው፦ ቀዳዳውን መድፈን፣ ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርጎ መደርደር፣ የተደፋውን መኖ በየቀኑ መጥረግ። ቀዳዳው ክፍት ከሆነ በተገደለችው አይጥ ቦታ ሌላዋ ትገባለች።

ጥንቃቄም ይፈልጋል። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ጣሪያውን ሊበሳ ይችላል፤ ቀዳዳው የሚታወቀው ዝናብ ሲገባ ነው። ከድንጋይና ከብረት የነጠረ ጥይት ዓይን ያጠፋል። አብዛኛው ጥይት ደግሞ የሚሠራው ከእርሳስ ነው። ከብት ለእርሳስ መርዝ በጣም ስስ መሆኑን አሮጌ ባትሪ ልሰው ከሞቱበት አርቢዎች በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጥይት በመኖ ክምር አቅጣጫ አይተኮስም፤ የተገደለው አይጥና ወፍም ተለቅሞ ይቀበራል።

አየሩ ከየት ይመጣል?

ይህን ሻጩ ቶሎ አያነሳውም። የብዙዎቹ ሲሊንደር 200 ባርና ከዚያ በላይ ይሞላል። የጭነት መኪና ጎማ የሚይዘው 8 ባር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የጎሚስታው ኮምፕረሰር አይሞላውም። የሚያስፈልገው ለዚሁ የተሠራ የእጅ ፓምፕ፣ የጠላቂ ዋናተኞች የአየር ሲሊንደር ወይም ልዩ ኮምፕረሰር ነው። የእጅ ፓምፑ ያልባል፤ መጨረሻው አካባቢ አንድ ጎልማሳ በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል። ዋጋው ከጠመንጃው ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

አንድ ፈተና ግን ሕይወት ያስከፍላል። ብየዳ ቤቱ ውስጥ የቆመው የኦክስጅን ሲሊንደር ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ «በዚህ እንሙላው» የሚል አይጠፋም። ፈጽሞ አይደረግም። የታመቀ ኦክስጅን ከዘይትና ከቅባት ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል፤ መሣሪያው ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል።

ሙቀትም አለ። በ25 ዲግሪ 200 ባር የተሞላ ሲሊንደር ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ 60 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ ወደ 223 ባር ይወጣል። በአፋር መንገድ ጋቢና ውስጥ የሚተው ዕቃ አይደለም። አቧራም የጎማ ቀለበቶቹን ይበላል፤ ከዚያ በኋላ አየር ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈስ ያድራል። መለዋወጫ ቀለበት ሳይዙ መግዛት ባዶ ዘንግ መግዛት ነው።

ወደ ከብት አይዞርም

የማይራመድ ሰንጋ ወይም መኪና ላይ አልወጣ ያለ ግመል በጥይት ይነዳል ብሎ የሚያስብ አለ። በደል መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ኪሳራነቱም ግልጽ ነው። ጥይቷ ከቆዳው ሥር ትቀርና ትመግላለች፤ ቄራ ሲገፈፍ የመገለው ሥጋ ተቆርጦ ይጣላል፤ የተበሳው ቆዳ ደረጃው ይወርዳል። ገዢው ይህን ያየ ቀን የነጋዴው ስም አብሮ ይወርዳል። ለማረድም ቢሆን ይህ መሣሪያ ለዳልጋ ከብት አቅም የለውም፤ ማሠቃየት ብቻ ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ከርቀት መድኃኒት የሚወጉበት መሣሪያም በአየር ወይም በጋዝ ይሠራል። እሱ ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ መርፌ ይተኩሳል፤ መድኃኒቱም በሐኪም እጅ ብቻ የሚያዝ ነው።

ኬላ ላይ

ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ነው። «ባሩድ የለውም፣ መጫወቻ ነው» የሚለው ክርክር ከድንበሩ ማዶ አይሠራም። የኬንያ የጦር መሣሪያ ሕግ፣ ምዕራፍ 114፣ ትርጉሙን የሚሰጠው በባሩድ አይደለም፤ በርሜል ያለው፣ ጥይት ወይም ሌላ ተወንጫፊ የሚያስወጣና ሊገድል የሚችል ማንኛውም መሣሪያ ብሎ ነው። በኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል። የአካባቢው አገሮች እ.ኤ.አ. በ2004 በተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል ሕገወጥ የጦር መሣሪያ ዝውውርን አብረው ለመቆጣጠር ተስማምተዋል። በአንዱ አገር የተገኘ ፈቃድም በሌላው ፈቃድ አይሆንም።

ፈታሹ ከወንበር ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠመንጃ ሲያገኝ አየር ይሁን ባሩድ ቆሞ አይመረምርም፤ መኪናውን ያቆማል። ሾፌሩና ረዳቱ ለጥያቄ ይወርዳሉ። ከብቱ ግን ፀሐይ ላይ ነው። መኪናው እያንዳንዳቸው 350 ኪሎ የሚመዝኑ 15 ሰንጋዎች ጭኗል እንበል፤ ጠቅላላው 5,250 ኪሎ ነው። በጥምና በመቆም ከክብደታቸው 5 በመቶ ቢቀንሱ 262 ኪሎ ተነነ ማለት ነው፤ የአንድ ሰንጋ ሦስት አራተኛ። ይህ ቅጣቱ፣ ጠበቃውና የታሰረው ሰው ሳይቆጠሩ ነው። የጤና ምስክር ወረቀቱም ቀን ሊያልፍበት ይችላል።

ስለዚህ ስሌቱ እንዲህ ነው። አንድ ቦታ ተቀምጦ መኖ የሚያከማችና በረት የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ፖሊስን ጠይቆ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ይዞ፣ ፓምፑንና መለዋወጫውን አብሮ ከገዛ መሣሪያው ያገለግለዋል። ከብት ነድቶ ወይም ጭኖ ድንበር የሚሻገር ነጋዴ ግን መኪናው ላይ ባይጭነው ይሻላል። ሾፌሩም ከመነሳቱ በፊት የወንበሩን ጀርባ ቢፈትሽ አይከፋም፤ ኬላ ላይ የሚጠየቀው ያስቀመጠው ሰው ብቻ አይደለምና።