ለደጋ አጋዘን የሚስማማውን ጥይት ስለ መምረጥ

ከአሰላ በላይ በሚታየው በጭላሎ፥ እንዲሁም በገላማና በካካ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ለሳይንስ ዓለም የታወቀው በ1908 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) አይቮር በክስተን የተባለው እንግሊዛዊ ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ባገኘው እንስሳ ነው፤ በ1910 ሪቻርድ ላይደከር ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። አንዳንድ ሰዎች ከአውሮፓው ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ አጋዘን ጋራ ያዛምዱታል። ነገር ግን ያኛው ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥል ሲሆን፥ የእኛው ቀንዱ የተጠማዘዘና ዕድሜውን ሙሉ የማይወልቅ በመሆኑ ለድኩላ የቀረበ ዘመድ ነው።

ዛሬ ይህ እንስሳ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተቈጥሯል። በ2011 በተቋቋመው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው፤ ከፓርክ ውጭም ቢሆን በተወሰነ የአደን ቀበሌ፥ በፈቃድና በተወሰነ ቍጥር ካልሆነ በቀር አይፈቀድም። ታዲያ ስለ ጥይት መነጋገር ምን ይጠቅማል ይባል ይሆናል። መልሱ ይህ ነው፤ ቍጥሩ ጥቂት በሆነ እንስሳ ላይ ቈስሎ ወደ አስታ ጫካ ገብቶ የሚጠፋ አንድ ወንድ ትልቅ ጕዳት ነው። የፈቃዱ ወረቀት አንድ ይላል፤ ተራራው ግን ሁለት ያጣል። ስለዚህ የጥይት ምርጫ የአዳኙ ፍላጎት ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የጥበቃም ጕዳይ ነው።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። በተለምዶ ጥይት የምንለው ነገር አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ቀለህ፥ ባሩድ፥ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው መለኰሻና አረር ናቸው። እንስሳውን የሚመታው አረሩ ብቻ ነው። አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ የሚኖረው ጕልበት የክብደቱ እኩሌታ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ፍጥነቱ በካሬ ስለሚገባ ክብደት ሲታጠፍ ጕልበቱ በእጥፍ፥ ፍጥነት ሲታጠፍ ግን በአራት እጥፍ ይጨምራል።

በአገራችን ከሚታወቁት ጠመንጃዎች ሁለቱን እናነጻጽር። ስሙ ፉዚል ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣው ውጅግራ የ1874 ሥሪት ሲሆን 25 ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ያስወነጭፋል፤ ጕልበቱም ወደ 2,500 ጁል ነው። የጣሊያኑ ካርካኖ 10.5 ግራም አረር በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ይልካል፤ ጕልበቱም ከውጅግራው ጋራ እምብዛም አይለያይም። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ጥይቶች አይደሉም። ልዩነታቸው የሚታየው ርቀትን ስንገምት ነው።

በሸለቆ ማዶ የቆመ አጋዘን ርቀቱ በዐይን ሲገመት በቀላሉ ያሳስታል። አዳኙ 150 ሜትር ነው ብሎ አልሞ ርቀቱ 200 ሜትር ቢሆን ምን ይሆናል? የአየርን መቃወም ለጊዜው ትተን በመሬት ስበት ብቻ ብናሰላው፥ የውጅግራ አረር ከታለመበት 24 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ የካርካኖው 10፥ ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት የሚባለው ደግሞ 7 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል። የአየሩ መቃወም ሲታከልበት ስሕተቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የልብና የሳንባው ስፍራ ስፋት ወደ 25 ሳንቲሜትር ነው ብንል፥ መካከሉን ያለመ አዳኝ ከ12 ሳንቲሜትር በላይ መሳሳት አይችልም። እንግዲህ ውጅግራው በዚህ ርቀት ያቈስላል እንጂ አይጥልም።

ታዲያ ካርካኖው ይበቃል ማለት ነውን? አይደለም። እዚህ ላይ ሁለተኛው ነገር ይመጣል፤ እርሱም የአረሩ አሠራር ነው። በ1899 በሄግ የወጣው ስምምነት በሰውነት ውስጥ የሚፈነዳዳ ወይም የሚሰፋ አረር በጦርነት እንዳይሠራበት ከለከለ። ስለዚህ ከጦር ሠራዊት የተረፈ ጥይት አረሩ ሁለንተናው በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ነው፤ ሥጋን ጠባብ ቀዳዳ በስቶ ያልፋል፥ ከጕልበቱም ብዙውን ይዞት ይሄዳል። የአደን አረር ግን አፍንጫው እርሳስ ሆኖ ስለሚተው ሲመታ እንደ እንጕዳይ ይሰፋል፤ ጕልበቱንም እዚያው ያራግፋል። በዚህም ምክንያት የጦር ጥይት ለአደን መጠቀም፥ ጠመንጃው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፥ እንስሳውን ለሥቃይ መዳረግ ነው።

ትልቁ ወንድ የደጋ አጋዘን ከ180 እስከ 300 ኪሎግራም ይመዝናል። ለዚህ አካል ከ100 እስከ 250 ሜትር ባለው መካከለኛ ርቀት የሚስማሙ ሁለት ጥይቶች አሉ። አንደኛው የማውዘር 7.92 ሚሊሜትር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በቤልጅግ የተሠሩት ጠመንጃዎች ወደ አገራችን ስላመጡት ለብዙዎች እንግዳ አይደለም፤ በአደን ጥይትነቱ 12.7 ግራም አረር በሴኮንድ 770 ሜትር ያህል ይልካል። ሁለተኛው ከላይ የተነሣው ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት ነው፤ ስሙ ከአፈሙዙ ስፋትና ከወጣበት ከ1906 የተወሰደ ነው። በ1950ዎቹ ከአሜሪካ በመጣው የጋራንድ ጠመንጃ ሠራዊታችን ያውቀዋል። 11.7 ግራም አረሩ በሴኮንድ 820 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ200 ሜትር የተስተካከለ እንደ ሆነም በ100 ሜትር ላይ ከማለሚያው መስመር ከፍ የሚለው 5 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። የሁለቱም ጕልበት ወደ 3,800 ጁል ይጠጋል።

ከእነዚህ የሚበልጥ ጕልበት ያለው፥ በ1912 የወጣው ሦስት መቶ ሰባ አምስት ወደ 5,700 ጁል ይደርሳል። ነገር ግን የሰደፉ ምት ብርቱ ነው። ምቱን የፈራ ተኳሽ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ትከሻው ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ትርፉ ጕልበት ስፍራውን የሳተ ቍስል ይሆናል። ስለዚህ የሚበልጠው ጥይት ሁሉ የሚሻለው አይደለም።

የቦታው ከፍታም መታሰብ አለበት። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አረሩ ፍጥነቱን ይበልጥ ስለሚጠብቅ፥ በቆላ የተስተካከለ ጠመንጃ በደጋ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይመታል። በመካከለኛ ርቀት ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም፥ መንገድ ያንገላታው መነጽር ከዚህ የባሰ ሊያሳስት ይችላል። በመሆኑም ከአደን በፊት በዚያው ከፍታ ኢላማ ተክሎ መፈተን ግዴታ ሊሆን ይገባል።

በጠቅላላው ሦስት ነገሮች በየተራ ይመረመራሉ፤ አረሩ የሚሰፋ መሆኑ፥ መንገዱ ቀጥ ያለ መሆኑ፥ ተኳሹ ምቱን ሳይፈራ ሊተኩሰው መቻሉ። ሦስቱ ተሟልተውም ጉም ከወረደ፥ ወይም እንስሳው በአስታው ውስጥ ግማሽ አካሉ ብቻ ከታየ፥ ከሁሉ የሚሻለው ጥይት ሳይተኰስ በዝናር የሚቀረው ነው።