የአይጥ መርዝ አስቀምጪ ሲሉሽ

እህቴ፣ ሰው ቤት ስሠራ አይጥ በታየ ቁጥር መርዙን የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። አንቺንም ያዙሽ ይሆናል።

ወጥመድና ማጣበቂያ ከሆነ ጓንት አድርገሽ አስቀምጪ። አደገኛው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ክኒን ነው። ለእህል መጋዘን እንጂ ለመኖሪያ ቤት አይሆንም። የአየር እርጥበት ብቻ ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻ የለውም። ጋዙ ከጎረቤት ቤትም በስንጥቅ ሊገባ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ ይሸታል፤ ባይሸትሽም ግን አትመኚው። የኛ መኝታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባብ፣ መስኮት የሌለው ነው።

ከሰጡሽ አትክፈቺው፣ ውሃ አታስነኪው። ለማዳም «ሃዛ ሱም፣ ኸጢር» በያት፤ «ይሄ መርዝ ነው፣ አደገኛ ነው» ማለት ነው። ስለ አንቺ ባትሰማ እንኳ ልጆቿን ስታነሺባት ትሰማለች።

ካስመለሰሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ ወይም ደረትሽ ከተጨነቀ ልጆቹን ይዘሽ ቶሎ ውጪ። በር ተቆልፎብሽ ከሆነ መስኮት ክፈቺና አምቡላንስ ጥሪ፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ሊባኖስ 140። ሐኪሙ ምግብ ነው የመረዘሽ እንዳይል፣ ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ እንዳለ ቀድመሽ ንገሪው።