የስቴሪዮ ኤፌክት ፔዳል አገጣጠም

የስቴሪዮ ኤፌክት ፔዳል ከጊታር፣ ከኪቦርድ ወይም ከሌላ ኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ የሚመጣውን ድምፅ ለውጦ በግራና በቀኝ፣ በሁለት መስመር፣ የሚያወጣና በእግር እየተረገጠ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደጋግመው ዲሌይ፣ የአዳራሽ ስሜት የሚሰጠው ሪቨርብ እና አንዱን ድምፅ ብዙ የሚያስመስለው ኮረስ በብዛት በዚህ መልክ ይሠራሉ።

ከቀደምቶቹ አንዱ የጃፓኑ ቦስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ሲኢ-1 የተባለው ኮረስ ነው። መግቢያው አንድ፣ መውጫው ሁለት ነው፤ ሁለቱም መውጫዎች ሲያዙ በአንዱ ያልተነካው ድምፅ፣ በሌላው ደግሞ የሚርገበገበው ይወጣል። ድምፆቹ የሚቀላቀሉት ሽቦ ውስጥ ሳይሆን ከሁለት ስፒከር ወጥተው አየር ላይ በመሆኑ ሰፍተው ይሰማሉ።

አያያዝ

ጊታር በተለምዶ ሞኖ ስለሆነ ኬብሉ የሚሰካው ለሞኖ በተመደበው መግቢያ (ብዙ ጊዜ የግራው ነው) ላይ ነው። ሁለቱ መውጫዎች ወደ ሁለት አምፕሊፋየር ይሄዳሉ። በአምፕሊፋየር ፈንታ ሚክሰር ከሆነ ሁለት ቻናል ይያዝና የአንዱ ፓን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ ይዞራል። ፓኑ መሐል ላይ ከቀረ ሁለት ኬብል መዘርጋቱ ከንቱ ድካም ነው።

ድምፁ አንዴ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ በመንገዱ ያለው ሁሉ ስቴሪዮ መሆን አለበት፤ አንድ ሞኖ ፔዳል መሐል ከገባ አንደኛው ወገን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እንደ ዲስቶርሽን ያሉት ሞኖ ፔዳሎች ከፊት፣ ስቴሪዮዎቹ ከኋላ ይደረደራሉ። ዲስቶርሽን ከዲሌይ በኋላ ሲመጣ ድግግሞሹንም ያደፈርሰዋል።

የአምፕሊፋየሩን የራሱን ዲስቶርሽን የሚጠቀም ሰው ግን ፔዳሉን በኤፌክት ሉፑ ላይ ያስገባል። የመጀመሪያው አምፕሊፋየር ሴንድ ወደ ፔዳሉ መግቢያ፣ የፔዳሉ ግራ መውጫ ወደዚያው አምፕሊፋየር ሪተርን፣ ቀኙ ደግሞ ወደ ሁለተኛው አምፕሊፋየር ሪተርን ይሄዳል። የሁለተኛው ሥራ ማጉላት ብቻ ነው፤ ቃናውን የሚወስነው የመጀመሪያው ነው።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

አንዳንድ ትንንሽ ፔዳሎች ሁለቱንም መስመር በአንድ ጃክ ያወጣሉ። ለዚህ ሦስት ንክኪ ያለው፣ ጫፉ ለሁለት የሚከፈል ኬብል ያስፈልጋል። ይህን ጃክ በአንድ ኬብል በቀጥታ ወደ ሚክሰር ባላንስድ መግቢያ መሰካት ስሕተት ነው፦ ሚክሰሩ አንዱን መስመር ከሌላው ስለሚቀንስ በሁለቱም እኩል ያለው ድምፅ፣ ማለትም ዋናው የጊታር ድምፅ፣ ይጠፋል።

የአዳራሹ የድምፅ ሥርዓት ሞኖ ከሆነ በፔዳሉ የሞኖ መውጫ ብቻ መጠቀም ይሻላል። አንዳንድ ፔዳሎች ስፋት ለመስጠት በአንዱ ወገን የኤፌክቱን ፖላሪቲ ይገለብጣሉ፤ ሁለቱ ወገኖች ሲደመሩ ኤፌክቱ ይሰረዛል። ሙዚቀኛው መድረክ ላይ የሚሰማው ኮረስ ለአድማጩ አይደርሰውም።

ሁለት አምፕሊፋየሮች በአንድ ፔዳል ሲገናኙ በኤርዝ መስመራቸው በኩል ቀለበት ተፈጥሮ የማያቋርጥ «እምምም» የሚል ድምፅ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው በአንዱ መስመር ላይ ሁለቱን የሚለይ የድምፅ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። ከስፒናው የኤርዙን እግር መቁረጥ ድምፁን ቢያጠፋም፣ አምፕሊፋየሩ የተበላሸ ዕለት ኤሌክትሪኩ በጊታሩ ክሮች በኩል ተጫዋቹን ሊገድል ይችላል።