ኮምፒዩተር ለጀማሪዎች፦ መብራት ሲጠፋ ጽሑፉ የት ይገባል?

ዛሬ ስለ ኮምፒዩተር ክፍሎችና ስለ ጣት አቀማመጥ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ጊዜው 1996 ዓ.ም. ነው። የፀረ ኤድስ ክበባችን ጸሐፊ ነበርኩ። አንዲት ቫይረሱ በደሟ ውስጥ የሚገኝ የክበባችን አባል፣ ለዓለም ኤድስ ቀን የሚነበብ ምስክርነቷን እንድጽፍላት አጠገቤ ቁጭ ብላ ሕይወቷን ነገረችኝ። እሷ እየሳለች ትናገራለች፣ እኔ በሁለት ጣት ፊደል እየለቀምኩ እጽፋለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ኮምፒዩተሩን ብከፍተው አንዲት መስመር እንኳ የለችም! ያኔ ነፃው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን ገና አልተጀመረም፤ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እሷም ደክሟት ነበር። «ተወው ወንድሜ፣ ሌላ ቀን እነግርሃለሁ» ብላኝ ሄደች።

ለመሆኑ ጽሑፉ የት ገባ? ብዙዎቻችን ሲፒዩ እያልን የምንጠራው ትልቁ ሳጥን፣ እውነቱን ለመናገር ሲፒዩ አይደለም። ሲፒዩ በሳጥኑ ውስጥ ያለች፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ ጠፍጣፋ ነገር ናት። የምናዝዘውን የምታሰላውና የምታከናውነው እሷ ናት። ከእሷ ሌላ ሁለት ማስቀመጫዎች አሉ፤ ራምና ሃርድ ዲስክ። ራም እንደ ክፍል ሰሌዳ ነው፤ እየሠራን ያለነውን ነገር ይይዛል፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ እንደ ደብተር ነው፤ መብራት ኖረም አልኖረም የተጻፈበትን ይዞ ይቆያል። ሴቭ ማድረግ ማለት እንግዲህ ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ መገልበጥ ነው። የእህታችን ታሪክ ሰሌዳው ላይ ብቻ ነበር። ኮንትሮልን ተጭኖ ኤስን መንካት አንድ ሰከንድ አይፈጅም እኮ! ዛሬ በራሳቸው ሴቭ የሚያደርጉ ፕሮግራሞች አሉ፤ እኔ ግን አሁንም በየአንቀጹ እነካታለሁ።

ሞኒተርና ማውስን ነካ ነካ እያደረጋችሁ ትለምዷቸዋላችሁ። ጊዜ የሚፈልገው ኪቦርዱ ነው። የፊደሎቹ አደራደር አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ እ.ኤ.አ. በ1878 ለጽሕፈት መኪና ካስመዘገበው አደራደር የመጣ ነው። እስቲ ኤፍና ጄን በጣታችሁ ዳብሱ። ትንሽ ጉብ ያለች ምልክት አለች አይደል? የሁለቱ እጅ ሌባ ጣቶች ቤታቸው እዚያ ነው። የቀሩት የግራ ጣቶች ዲ፣ ኤስና ኤ ላይ፣ የቀኞቹ ኬ፣ ኤልና ከጎኑ ያለው ምልክት ላይ ያርፋሉ። አውራ ጣት ለስፔስ ባር ነው። ጣት የፈለገበት ሄዶ ነክቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዓይን ግን ወደ ታች አይወርድም!

እኔን ያስተማሩኝ የታይፕ ባለሙያ እጄን በነጠላ ሸፍነው ነበር የሚያለማምዱኝ። መጀመሪያ ላይ ከሁለት ጣቱም ዘዴ ይብሳል፤ ያናድዳል። በቀን ግማሽ ሰዓት ሳታቋርጡ ከሠራችሁ ግን ጣት መንገዱን ይለምዳል። በድምፅ በሚሠራው የአማርኛ አጻጻፍ «ሰላም» የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ቢሆንም አምስት ጊዜ መንካት ይጠይቃል፤ ለ«ሰ» ኤስና ኢ፣ ለ«ላ» ኤልና ኤ፣ ለ«ም» ኤም ብቻ። ስለዚህ አማርኛ የሚጽፍ ሰው አናባቢዎቹን አስቀድሞ ቢለማመድ ይጠቀማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ምስጢሩን የነገራችሁን ጽሑፍ ሁሉም በሚጠቀምበት የክበብ ኮምፒዩተር ላይ ትታችሁ አትሂዱ። ያኔ በፍሎፒ እንይዝ ነበር፣ ዛሬ ፍላሽ አለ። ከኮምፒዩተሩ ላይ ስታጠፉት ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እህታችን ተመልሳ መጣች። ፍጥነቴ ገና ነበር፤ ቢሆንም አልፎ አልፎ ቀና ብዬ ፊቷን እያየሁ መጻፍ ችዬ ነበር። ስታወራ ቆየችና ድንገት አቋርጣ፣

«አሁንስ ሴቭ አደረግከው?» አለችኝ።

«አድርጌዋለሁ» አልኳት። ሳቅ ብላ ቀጠለች።