ሁለት ናኖሰከንድ

ኬብሉ ተሰክቷል፤ የሶኬቱ መብራት በርቷል፤ ራውተሩም መስመሩ መያያዙን ያሳያል። ኢንተርኔት ግን የለም። ቢሊንክ ጂኤስ1 የተባለውን ቲቪ ቦክስ ከአንድሮይድ አውጥቶ ሊኑክስ የጫነበት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የሊኑክሱን ዋና ክፍል፣ ከርነሉን፣ ሲያድስ የሚገጥመው ይህ ነበር። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው፤ ኬብሉ ግን ምንም አልሆነም።

የሚያሳስተው መብራቱ ነው። ቦክሱ ውስጥ የኢተርኔት ሥራ ለሁለት ይከፈላል። ፓኬቶቹን የሚያዘጋጀው በዋናው ፕሮሰሰር፣ በኦልዊነር ኤች6፣ ውስጥ ያለ ክፍል ነው። ከኬብሉ ጋር የሚነጋገረው ደግሞ ፋይ የሚባል ትንሽ ቺፕ ነው፤ ጂኤስ1 ላይ የተገጠመው የሪያልቴክ አርቲኤል8211ኢ ነው። ፋዩ ከራውተሩ ጋር ፍጥነት የሚስማማው ራሱን ችሎ ስለሆነ፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር ባይግባባም መብራቱ ይበራል።

የተበላሸው በሁለቱ ቺፖች መካከል ያለው አጭር መንገድ ነው። በጊጋቢት ፍጥነት በእያንዳንዱ አቅጣጫ አራት የዳታ መስመሮች ሲኖሩ፣ አብሯቸው የሚሄደው የሰዓት ምልክት በሰከንድ 125 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ዳታው ምቱ ሲወጣም ሲወርድም ስለሚነበብ ለአንዱ ንባብ የሚደርሰው 4 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ምቱ ልክ ዳታው በሚቀያየርበት ቅጽበት ከደረሰ የሚነበበው ዝባዝንኬ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ሆን ብለው 2 ናኖሰከንድ ያህል ያዘገዩታል፤ ዳታው ከረጋ በኋላ እንዲደርስበት። ይህን መዘግየት ፕሮሰሰሩ ሊሰጠው ይችላል፤ ፋዩም ይችላል፤ ቦርዱ ላይ ተጠማዝዞ እንዲረዝም የተደረገ መስመርም ይበቃዋል። ማንም ካልሰጠው ግንኙነቱ ይበላሻል፤ ሁለቱ ተደርበው ከሰጡትም ያው ነው። በ100 ሜጋቢት ምቱ ወደ 25 ሚሊዮን ስለሚወርድ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ይሸፈናል፤ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ መሞከር ጥሩ ምርመራ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ማን እንደሚያዘገይ ለከርነሉ የሚነግረው ዲቫይስ ትሪ የተባለ መግለጫ ነው። እንዲህ ያለ ቦርድ ምን ምን እንደተገጠመበት ራሱ አይናገርምና ለእያንዳንዱ ዓይነት ቦክስ መግለጫ ይጻፍለታል። በጂኤስ1 መግለጫ ላይ «አርጂኤምአይአይ» የሚል ቃል ሰፍሮ ነበር። ይህም ለፋዩ «አንተ አታዘግይ፣ ሌላ የሚያዘገይ አለ» ማለት ነው። ሌላ የሚያዘገይ ግን አልነበረም። ስህተቱን ደብቆ ያቆየው ፋዩን የሚያዝዘው የከርነሉ ክፍል፣ ድራይቨሩ፣ ነው፤ የተጻፈውን ስለማይተገብር፣ ፋዩ ኃይል ሲያገኝ ከእግሮቹ አገጣጠም ባነበበው መዘግየት ይሠራ ነበር። በ2020 ድራይቨሩ ታረመና የተጻፈለትን መታዘዝ ጀመረ፤ ኢተርኔቱም ቀጥ አለ። የታረመውን ድራይቨር መውቀስ ይቀላል። ውሸቱ ግን የቆየው መግለጫው ውስጥ ነው፤ እርማቱም የገባው እዚያው ነው።

ፓች የሚባለው የእርማት ፋይል ይህን ያህል ነው፦ የመቀነስ ምልክት ያለበት አሮጌ መስመር፣ የመደመር ምልክት ያለበት አዲስ መስመር፣ ቦታውን የሚጠቁሙ ጥቂት አጎራባች መስመሮች። አዲሱ መስመር «አርጂኤምአይአይ-አይዲ» ይላል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ፋዩ ያዘግይ። (እንዲህ ያለውን ፋይል አንብቦ ኮዱን የሚያርመውን ፓች የተባለ ፕሮግራም ላሪ ዎል ያወጣው በ1985 ነው፤ ሊኑክስ ገና አልተወለደም።)

በቤቱ የሚሞክር ሰው ከርነሉን በሙሉ ኮምፓይል ማድረግ አይጠበቅበትም፤ መግለጫውን ብቻ አዘጋጅቶ በአሮጌው ፋይል ቦታ መተካት ይበቃል። አሮጌውን በሌላ ስም ማስቀመጥ ግን ግድ ነው፤ በዚያው ፋይል ውስጥ የኃይል አቅርቦት መስመሮችም ስላሉ እዚያ ላይ እጅ የሳተ ቦክሱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

በራስ ቦክስ ላይ ብቻ የቀረ እርማት በሚቀጥለው እድሳት ይጠፋል። ለዚህ ነው ወደ ዋናው ከርነል የሚላከው። አብሮት የሚሄደው ማብራሪያ ከለውጡ ራሱ ይረዝማል፤ የትኛው የቀድሞ ለውጥ ችግሩን እንዳመጣው የሚጠቅስ መስመርም ይጨመርበታል። የቆዩ የከርነል ስሪቶችን የሚጠብቁት ሰዎች ያንን መስመር አይተው እርማቱን ወደ እነዚያም ስሪቶች ይወስዱታል።